ጥቁሩ በጉ ነው ወይስ ጭንቅላቱ?

ይሄ ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጼ ላይ ስለ እንግሊዝኛ ጥምር ቅጽሎች አጭር ነገር ለጥፌ ነበር። ሁለት ሦስት ቃላት በጭረት ተያይዘው እንደ አንድ ቅጽል ከስም በፊት የሚቆሙበትን አጻጻፍ ማለቴ ነው። አንድ ወንድማችን «ሕዝቡ በድርቅ እያለቀ አንተ ስለ ሃይፈን ትጽፋለህ?» ብሎ ኮሜንት ሰጠ። ብዙ ሰው ላይክ አደረገው። እኔም መልስ ሳልሰጥ ቆየሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ኮሜንት ውስጥ አይገባም።

መልሴ ይኸው፦ ስለ ሃይፈን የምጽፈው ድርቁ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው።

ዶሎ ኦዶ ለኖረ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቦኮልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂለወይን፣ ቡራሚኖ። አምስት ካምፕ። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት በደቡብ ሶማሊያ ረሃብ መከሰቱን በይፋ ሲያውጅ፣ ያ ሕዝብ ልጁን አዝሎ የተሻገረው በኛ በኩል ነበር። ቆቤ፣ ሂለወይንና ቡራሚኖ የተከፈቱት በዚያው ዓመትና በቀጣዩ መጀመሪያ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ ጉም ዴይርም ሲቀሩ፣ የከብቱን ሬሳ ያየነው እኛ ነን። ግን የጻፍነው በምን ቋንቋ ነው? ምዝገባው፣ የልጆች ልየታው፣ የውኃ ቦቴው ጥያቄ፣ የሳምንቱ ሪፖርት፣ ፕሮፖዛሉ፣ ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። እዚህ ተጽፎ አዲስ አበባ ይነበባል፣ ናይሮቢ ይነበባል፣ ጄኔቫ ይነበባል። እዚያ ያለው አንባቢ ገናሌን አላየም፣ ዳዋን አላየም፣ ልጁን አላየም። በእጁ ያለው የናንተ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከተሳሳተ ልጁም ለሱ ተሳስቷል።

ወደ ምሳሌው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። እንግሊዝኛውን ሆን ብዬ በኛው ፊደል ነው የምጽፈው፤ ስፔሊንጉን ትታችሁ ጭረቷ ላይ ብቻ እንድታተኩሩ። ጭረት ስል ነጠላ ሰረዝን አይደለም፤ ሃይፈንን ነው፣ ቃልን ከቃል የምታስረዋን አጭር መስመር።

በበጋችን እንጀምር። የሶማሌ በግ ገላው ነጭ፣ ጭንቅላቱ ጥቁር መሆኑን ሕፃን ያውቃል። በእንግሊዝኛ «ብላክ-ሄድድ ሺፕ» ይባላል፤ ጭንቅላተ ጥቁር በግ ማለት ነው። ጭረቷን አውጧት። «ብላክ ሄድድ ሺፕ» ሲሆን ብላክ የሚለው ቃል ተፈታ፤ ወደ ጭንቅላቱ ይሂድ ወይ ወደ በጉ የሚይዘው የለም። ቃል በቃል ካነበብነው «ጭንቅላት ያለው ጥቁር በግ» ሆነ። ጭንቅላት የሌለው በግ ማን እንደሚገዛ እንጃ! ዶሎ ገበያ የቆመ ነጋዴ በጉን እያየ ስለሆነ አይሳሳትም። በወረቀት የሚገዛው ግን ይሳሳታል።

ገናሌ ዳር ያደገ ልጅ ደግሞ አዞ ምን እንደሆነ አይነገረውም። «ማን-ኢቲንግ ክሮኮዳይል» ሰው የሚበላ አዞ ነው። ያለ ጭረት «ማን ኢቲንግ ክሮኮዳይል» ብላችሁ ማስጠንቀቂያ ብትለጥፉ፣ የጻፋችሁት «አዞ እየበላ ያለ ሰው» ነው። መሸሽ ያለበት አዞው ሆነ ማለት ነው።

ሳቃችሁ አይደል? አሁን የማያስቀውን ስሙ።

«ሲክስ-መንዝ-ኦልድ ቤቢስ» ማለት ዕድሜያቸው ስድስት ወር የሆነ ሕፃናት ማለት ነው። ስንት እንደሆኑ አልተነገረም። አንዲቷን ጭረት አንሱና «ሲክስ መንዝ-ኦልድ ቤቢስ» ብላችሁ ጻፉት። አሁን ስድስት ሕፃናት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ወር ልጅ። ሁለቱንም ጭረት ካነሳችሁ ደግሞ አንባቢው የፈለገውን ይውሰድ ብላችሁ ለቀቃችሁት ማለት ነው። የተመጣጠነ ምግብ እጥረት ልየታ ላይ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፦ የክንድ መለኪያው ጥብጣብ፣ 115 ሚሊ ሜትር፣ 125 ሚሊ ሜትር የምንለው ሁሉ፣ በተለምዶ የሚሠራው ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ልጆች ነው። የአንድ ወር ልጅ የእናቱን ጡት እንጂ ሌላ ምንም አይሰጠውም፤ የሚታገዘው እናቱን በማገዝ ነው። የስድስት ወሩ ግን ተጨማሪ ምግብ የሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ነው። ስለዚህ ያቺ ጭረት «ሰዋስው» ብቻ አይደለችም። ለልጁ ምን ይደረግለት የሚለው ጥያቄ እሷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ገንዘብም እንደዚያው። የ200 ብር ኖት ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በኪሳችን አለ። «ቱ-ሃንድረድ-ብር ኖትስ» ካላችሁ ባለ ሁለት መቶ ብር ኖቶች ናቸው። «ቱ ሃንድረድ-ብር ኖትስ» ካላችሁ ግን ሁለት ባለ መቶ ኖቶች፣ ባጠቃላይ 200 ብር። ካዝና ቆጥራችሁ ፈርሙ ስትባሉ የትኛው ላይ ነው የምትፈርሙት?

እሺ፣ ሕጉ ምንድን ነው? ብዙ አይደለም። አራት ነገር ብቻ።

አንደኛ፦ ጥምሩ ከስሙ በፊት ሲቆም ይታሰራል፣ ከስሙ በኋላ ሲመጣ ይፈታል። «ኤ ፋይቭ-ይር-ኦልድ ገርል» የአምስት ዓመት ልጅ። «ዘ ገርል ኢዝ ፋይቭ ይርስ ኦልድ» ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው። ሁለተኛው ላይ ጭረት የለም። ግመሎች ጉዞ ላይ በገመድ ይያያዛሉ፣ ሲደርሱ ይፈታሉ። እንደዚያ ያዙት።

ሁለተኛ፦ ሲታሰር «ኤስ»ዋ ትወድቃለች። «ፋይቭ-ይርስ-ኦልድ ገርል» አይባልም። ይሄ ስሕተት በየሲቪው፣ በየሪፖርቱ፣ በየባነሩ ላይ አለ። በጣም የሚገርመኝም እሱ ነው፤ ምክንያቱም የኛ ቋንቋዎች ትክክለኛውን ነገር ሲነግሩን ኖረዋል! አማርኛ «የአምስት ዓመት ልጅ» ይላል፤ «የአምስት ዓመታት ልጅ» የሚል ሰው ሰምታችኋል? ሶማሊኛ «ለባ ኒን» ይላል፤ ሰውዬው ሁለት ሆኖም ቃሉ ነጠላ ነው። ኦሮምኛ «ወጋ ሸን» ይላል፤ ዓመቱ አምስት ሆኖም ቃሉ ነጠላ ነው። በእናታችን ቋንቋ እየተነፈስነው የኖርነውን ነገር፣ «እንግሊዝኛ ብዙ ሲሆን ኤስ ይጨመራል» ብለን ተምረን አበላሸነው። ሕጉ ትክክል ነው፤ ግን ቅጽል አይበዛም። «ይር» እዚያ ቦታ ላይ ስም መሆኑ ቀርቶ የቅጽል አካል ሆኗል።

ሦስተኛ፦ አድራጊና ተደራጊውን ለዩ። የሚያደርገው «ኢንግ»፣ የሚደረግበት «ኢድ»። ድርቅ የጎዳው ወረዳ «ድራውት-አፌክትድ» ነው። «ድራውት-አፌክቲንግ ፓስቶራሊስትስ» የሚል ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ አጻጻፍ ድርቁን የጎዳው አርብቶ አደሩ ነው! ምስኪን ድርቅ። ስደተኛ የሚያስተናግድ ወረዳም «ሬፊውጂ-ሆስቲንግ» ነው እንጂ «ሬፊውጂ-ሆስትድ» አይደለም፤ እንደዚያ ከሆነ አስተናጋጁ ስደተኛው፣ እንግዳው ወረዳው ሆነ።

አራተኛ፦ በ«ሊ» የሚጨርስ ተውሳከ ግስ ጭረት አይፈልግም። «ኒውሊ አራይቭድ ሬፊውጂስ» ብላችሁ ሳታስሩ ጻፉ፤ «ሊ»ዋ ራሷ ወዴት እንደምትሄድ ታሳያለች። «ዌል-ኖውን» ግን «ሊ» ስለሌለው ከስም በፊት ይታሰራል።

በቃ። አራት። ይሄን ለማወቅ ኦክስፎርድ መሄድ አያስፈልግም።

ደግሞ ይሄ የፈረንጅ ቅብጠት ነው የምትሉ፣ እስቲ አማርኛችሁን አዳምጡት። «ልብ» እና «ሙሉ»ን ስታጣምሩ ምን ትላላችሁ? «ልበ ሙሉ»። «ዓይን» እና «አፋር»ን? «ዓይነ አፋር»። «ብ» ወደ «በ»፣ «ን» ወደ «ነ» የተቀየረችው ለምንድን ነው? እኛም ቃል ከቃል እናስራለን። ፈረንጅ በጭረት ያስራል፣ እኛ በፊደል ለውጥ እናስራለን። «ዓይን አፋር» ብሎ የሚጽፈውን ልጅ ታርሙት የለም? ታዲያ እንግሊዝኛው ጋ ሲደርስ «ምን ችግር አለው» የሚባለው ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ክርክሩ። የሚመጡትን መልሶች አውቃቸዋለሁ።

«ከዐውዱ ይገባል» ትላላችሁ። አንዳንዴ እውነት ነው። «ሃይ ስኩል ቲቸር» ሲባል ጭረት ባይኖረውም መምህሩ መርቅኖ ነው የሚያስተምረው ብሎ የሚያስብ የለም፤ በደንብ የሚጽፉ ሰዎችም ይተዉታል። ግራ የማያጋባ ቦታ ላይ መተው ይቻላል። ግን ዐውድ ማለት ምን ማለት ነው? የጋራ እውቀት ማለት ነው። እኔና እናንተ ቆቤን ስለምናውቅ ይገባናል። ጄኔቫ ያለው ሰው ያ ዐውድ የለውም። ለማያውቅ ሰው እየጻፉ «ከዐውዱ ይረዳ» ማለት የራስን ሥራ ለአንባቢ መጣል ነው።

አንድ የሥራ ማስታወቂያም ይኸውላችሁ፦ «ዊ ኒድ ሞር ኤክስፒሪየንስድ ቲቸርስ»። ተጨማሪ ልምድ ያላቸው መምህራን እንፈልጋለን ነው ወይስ አሁን ካሉት የበለጠ ልምድ ያላቸው? በመጀመሪያው ንባብ የሁለት ዓመት ልምድ ያለው ልጅ ይወዳደራል። በሁለተኛው ንባብ ልጁ በሩ ላይ ይቀራል። «ሞር-ኤክስፒሪየንስድ» ብሎ ማሰር ወይም ሌላ ቃል መጨመር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ዐውዱም እዚህ አያድናችሁም፤ ሁለቱም ትርጉም ይሆናል።

«እንግሊዝኛ የኛ ቋንቋ አይደለም፣ ለምን እንሰቃያለን» ትላላችሁ። ልክ ነው፣ የኛ አይደለም። እኔም ሪፖርቱ ሁሉ በሶማሊኛና በአማርኛ ቢጻፍና እነሱ አስተርጓሚ ቢቀጥሩ ደስ ይለኛል። ያ ቀን እስኪመጣ ግን የወንዙ ማዶ ያለውን ሰው የምናገኘው በዚህ ጀልባ ነው። የተውሶ ጀልባ ነው ተብሎ ቀዳዳው አይተውም።

«ፈረንጆቹ ራሳቸው እየጣሉት ነው» የሚል ደግሞ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ሾርተር ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከ16,000 ያህል ቃላት ላይ ጭረት ማንሳቱ እውነት ነው። ነገር ግን በብዛት የተነሳው እንደ አይስክሬም ካሉ ጥምር ስሞች ላይ ነው፤ ግማሹ ተለያየ፣ ግማሹ ተጋጠመ። ከስም በፊት የሚቆመው ጥምር ቅጽል፣ ትርጉም የሚለይበት ቦታ ላይ፣ እስከ ዛሬ ታስሮ ይጻፋል። ዜናውን በርዕሱ ብቻ አታንብቡት።

«ስልኬ ያርመዋል» የሚለው የመጨረሻው ነው። ቀይ መስመር የሚያሰምረው መሣሪያ የሚፈልገው የተሳሳተ ፊደል ነው። «ሲክስ መንዝ-ኦልድ» ውስጥ የተሳሳተ ፊደል የለም። «ሲክስ-መንዝ-ኦልድ» ውስጥም የለም። ሁለቱም ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው። የትኛው እውነት እንደሆነ የምታውቀው ልጁን ያየኸው አንተ ነህ። አዲሶቹ ብልህ ነን የሚሉት ፕሮግራሞችም አስተካክለው ይሰጡህ ይሆናል፤ ግን ልጁ የአንድ ወር ይሁን የስድስት ወር፣ ቆቤ መጥተው አላዩትም።

እዚህ ላይ ቁጣዬን ወደ ትክክለኛው ቦታ ላዙር። ልጆቹ ላይ አይደለም። ሲቪውን ስክሪን ሾት አድርጎ ግሩፕ ላይ እየለጠፈ የሚስቅ ሰው በጣም ያናድደኛል። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በሶማሊኛ ተምሯል። 9ኛ ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በአንድ ሌሊት እንግሊዝኛ ሆነበት። ከዚያ አራት ዓመት የተዘጋጀው ለምን ነበር? ለማጥቆር! ብሔራዊ ፈተናው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው። ትክክለኛውን ጥምር ቅጽል ከአራት አማራጭ መርጦ ሊያጠቁር ይችላል፤ ግን አንድ አንቀጽ ጻፍ ተብሎ፣ ጽሑፉ በቀይ እስክርቢቶ ታርሞ ተመልሶለት አያውቅም። ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ሰባ ደብተር ማረም ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በመምህሩም አልፈርድም። የምፈርደው መጻፍ የማይፈተንበትን ሥርዓት ዘርግቶ፣ በመጨረሻ «በእንግሊዝኛ በደንብ የሚጽፍ» የሚል መስፈርት ማስታወቂያ ላይ በሚለጥፈው አሠራር ላይ ነው። «እንግሊዝኛ በ30 ቀን» እያለ በቴሌግራም የሚሸጠው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ አንድ ሺህ ቃል ያሸክማቸዋል፣ ማሰሪያ ገመድ ግን አይሰጣቸውም።

ሌላም ወገን አለ፣ እሱን ሳልነካ ካለፍኩ ጽሑፉ ሚዛን አይኖረውም። ጭረት የሚያበዛው። ፕሮፖዛል ከፍታችሁ «ኮሚዩኒቲ-ቤዝድ፣ ኒድ-ድሪቨን፣ መልቲ-ሴክተር፣ ጀንደር-ሴንሲቲቭ» እያለ አራት ቅጽል ሲደረድር አይታችኋል። ጭረቶቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው፤ ነገሩ ግን ባዶ ነው። ምን ሊሠራ ነው? ጉድጓድ ሊቆፍር? ዱቄት ሊያድል? ጥምር ቅጽል በትክክል መጠቀም ማለት ጭረቷን በቦታዋ ማኖር ብቻ አይደለም። ያሰራችሁት ነገር እውነት መሆኑንም ማየት ነው።

«ኮንፍሊክት-አፌክትድ» የምትለዋን ተመልከቱ። ግጭት የጎዳው። ማን ከማን ጋር ተጋጨ? ማን ተኮሰ? ቃሏ ሁሉንም ሸፈነች። አንዳንዴ ለደኅንነት ሲባል መሸፈን ያስፈልግ ይሆናል፤ ግን እየሸፈናችሁ መሆኑን እወቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደሜን የምታፈላው «ሃርድ-ቱ-ሪች» ናት። ለመድረስ አስቸጋሪ አካባቢ። ለማን? ሴትየዋ እዚያ ነው ያለችው፤ ደርሳለች፣ ወልዳለች፣ ፍየል ታረባለች። ለሷ አስቸጋሪው አዲስ አበባ ነው! ያቺ ሦስት ቃል በሁለት ጭረት ታስራ መሬቱ ላይ ስትለጠፍ፣ የመንገዱ ጥፋት፣ የበጀቱ ጥፋት፣ የመኪናው ጥፋት ሁሉ የመሬቱ ጠባይ መስሎ ቀረ። ስትጽፏት ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ ከየት ተነስቶ፣ በምን መኪና፣ በየትኛው ወር ነው የማይደረሰው? እንደዚያ ከጻፋችሁ አንባቢው መንገድ ይሠራ ይሆናል። ካልጻፋችሁ ግን ይራራና ወደ ሚቀጥለው ገጽ ያልፋል።

ወንድሜ፣ ያ ኮሜንት የሰጠኸው፣ ከልብህ መቆርቆርህን አልጠራጠርም። ግን ድርቅና ሃይፈን የሚወዳደሩ ነገሮች አድርገህ አስቀመጥካቸው። ውኃ የሚያመጣው ቦቴ በወረቀት ነው የሚንቀሳቀሰው። ወረቀቱን የሚጽፈው የኛ ልጅ ነው። ልጁ የሚፈልገውን በትክክል እንዲጽፍ ማስተማር ለተጠማው ሰው ጀርባ መስጠት አይደለም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይኸው ነው።

መምህራን፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ አምስት ዓረፍተ ነገር። ሰባ ደብተር ማረም ካልቻላችሁ አሥሩን አርሙ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አሥር። ልጆቹ እርስ በርስ ይተራረሙ። ምሳሌውን ከለንደን አታምጡ፤ ከበጉ፣ ከግመሉ፣ ከጀሪካኑ አምጡ።

ሪፖርት የምትጽፉ፦ ቁጥር፣ ዕድሜና መጠን ያለበትን ዓረፍተ ነገር ከመላካችሁ በፊት ለባልደረባችሁ አስነብቡት። «ስንት ልጅ ነው? ስንት ወሩ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለት ዓይነት መልስ ከሰጠ አንድ ጭረት ጎድሏል ማለት ነው።

ቀጣሪዎች፦ በስሕተቱ ልጁን ከመጣላችሁ በፊት የራሳችሁን ማስታወቂያ አንብቡ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፦ የቤት ሥራ አላችሁ፣ አላመለጣችሁም። እነዚህን ሦስቱን ከነጭረታቸው ወደ እንግሊዝኛ መልሱና ኮሜንት ላይ አስቀምጡ።

1. አሥር ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካኖች።
2. የሦስት ዓመት ግመል። (ከዚያ ደግሞ፦ ግመሉ ሦስት ዓመቱ ነው።)
3. ያገለገሉ ልብሶች ነጋዴ። (ልብሱ ነው ያገለገለው፣ ነጋዴው አይደለም!)

ነገ ማታ እያንዳንዱን አርማለሁ። መሳቅ የተከለከለ ነው፣ ማረም ግን ተፈቅዷል። ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው ሼር አድርጉለት።

ሰላም እደሩ።